ማስተካከያ፦ ስለ ዶስታርሊማብ መድኃኒት

ባለፈው ጽሑፍ «ዶስታርሊማብ የአንጀት ካንሰርን ያለ ቀዶ ጥገና ያድናል» ተብሎ ነበር። በደፈናው እንዲህ አይባልም። የኒውዮርኩ ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ሆስፒታል ሐኪሞች በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጡት ውጤት የ12 ታካሚዎች ነው። የሁሉም ዕጢ ጠፍቷል፤ እውነትም ጉድ ያሰኛል። ግን ሁሉም የፊንጢጣ ካንሰር ነበር፤ ወደ ሌላ አካልም አልተሰራጨም። ዋናው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። የዕጢዎቹ ሴሎች ዲኤንኤ ሲገለበጥ የሚፈጠረውን ስህተት ማረም አይችሉም። ስህተቱ ሲከማች የሰውነት መከላከያ ዕጢውን እንደ ባዕድ ለይቶ ለማጥቃት ይቀለዋል፤ ዶስታርሊማብ የሚሠራውም ይህንኑ መከላከያ በማገዝ ነው። ከፊንጢጣ ካንሰር ታማሚዎች እንዲህ ዓይነቱ ያለባቸው ቢበዛ 10 በመቶ ያህሉ ናቸው። ለሌሎቹ ቀዶ ጥገናው፣ ጨረሩና ኬሞው እንዳለ ነው። «መድኃኒት ተገኘ» ብሎ የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ሊሰርዝ ያሰበ ካለ ይቆይ፤ የዕጢው ናሙና ለዚህ ተመርምሮ እንደሆነ መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ።