ማስተካከያ፦ 160 ኪሎ ሜትር ሳይሆን 160 የባሕር ማይል ነው

ባለፈው ጽሑፌ በሁለት አነስተኛ የአገር ውስጥ አየር ማረፊያዎች መካከል ያለው ርቀት 160 ኪሎ ሜትር፣ በረራውም 20 ደቂቃ ነው ብዬ ነበር። ሁለቱም ስህተት ናቸው። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

160 የሚለው ቁጥር ልክ ነው። መለኪያው ግን የባሕር ማይል ነው፤ በአቪዬሽን ርቀት የሚለካው በዚህ ነው። አንዱ የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ርቀቱ ወደ 296 ኪሎ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ያውም በቀጥታ መስመር። በመኪና የሚሄድ ሰው ከዚህ በላይ ይጓዛል።

የሰዓቱ ጉዳይ ግን ማካፈል ብቻ አይደለም። በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር የሚበር ባለፕሮፔለር አውሮፕላን ይህን ርቀት በስሌት በ36 ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል። ግን ከመነሻው እዚያ ፍጥነት ላይ አይደለም። መጀመሪያ ከቆመበት ወደ መንደርደሪያው ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ተራ ይጠብቃል፣ ከዚያ ከፍታ ይይዛል። ሲወርድም ፍጥነቱን ይቀንሳል። ነፋሱ ከተቀየረ ደግሞ ዞሮ በሌላኛው አቅጣጫ ያርፋል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የፊት ለፊት ነፋስ ብቻውን 4 ደቂቃ ያህል ይጨምራል።

ቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰ ጀምሮ መድረሻው ላይ እስኪቆም ነው። ስለዚህ ለዚህ ጉዞ ከ50 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ያዙ። በ20 ደቂቃዬ ተማምናችሁ ቀጣይ በረራ የያዛችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ አስተካክሉት።