የፎገራ ልጆች በኅዳር የት ናቸው?

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተገለጸ ቁጥር የትምህርት ጥራት ለሳምንታት መነጋገሪያ ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር ጣታችንን የቀሰርነው በአብዛኛው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላይ ነው። የጣና ዳርቻን ገጠር ለሚያውቅ ሰው ግን ነገሩ የሚበላሸው ከዚያ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ልጁ ገና ፊደል በሚለይበት ዕድሜ፣ ያውም በኅዳርና በታኅሣሥ ነው።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ሐሙሲትን አልፎ በወረታ ዙሪያ የተንጣለለው የፎገራ ሜዳ ዛሬ የሩዝ አገር ነው። እሸቱ መያዝ ሲጀምር ሕፃናት ወንጭፍ ይዘው ማማ ላይ ወፍ ሲጠብቁ ይውላሉ፤ ሲደርስ ደግሞ አጨዳው፣ ክምሩና ውቂያው የቤተሰቡን እጅ ሁሉ ይፈልጋል፤ የመሬቱ እርጥበት ሳይጠፋ ጓያ የሚዘራው ይዘራል፣ ውኃ መሳብ የሚችለውም ሽንኩርት ይተክላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ትምህርት በሚገፋበት ወቅት ነው። የሁለተኛ ክፍል ተማሪ አንድ ወር ቀርቶ ሲመለስ መምህሩ ብዙ ምዕራፍ አልፏል፤ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ለእሱ ብሎ ወደ ኋላ የሚመለስ የለም። ልጁ ከኋላ ተቀምጦ ዝም እንዳለ ዓመቱን ይገፋል፤ በሚቀጥለው መስከረም ጭራሽ አይመዘገብም። ወላጁ ለትምህርት ያለው ግንዛቤ ዝቅተኛ ስለሆነ ነው የሚለው የተለመደ ምክንያት እኔን አያሳምነኝም። ግንዛቤ የሌለው ወላጅማ ልጁን መጀመሪያውኑ አያስመዘግብም ነበር።

የአካባቢው ገበሬ ቅዳሜና እሑድ በሬ አይጠምድም። ትምህርት ቤቱም ቅዳሜና እሑድ ዝግ ነው። እርሻውና ትምህርት ቤቱ በአንድ ቀን እያረፉ በአንድ ቀን የሚሠሩ ከሆነ ልጁ ከሁለቱ አንዱን መተው ግድ ይሆንበታል፤ የትኛውን እንደሚተው የታወቀ ነው። (ከብት እርግጥ ሰንበት አያውቅም፤ እረኝነቱን ግን ወንድምና እህት በፈረቃ ሊከፋፈሉት ይችላሉ።) በክረምቱ ጫፍም ያው ነው። በ1998 እና በ2012 ዓ.ም. እንደታየው ርብና ጉማራ ሞልተው ሲወጡ እንደ ናበጋና ዋገጠራ ባሉ የሐይቁ ዳር ቀበሌዎች ላይ ውኃ ይተኛል፤ በእንዲህ ያለ ዓመት በመስከረም የሚጀመረው ትምህርት በወረቀት ላይ ብቻ ነው።

በገጠር ትምህርት ቤት የልጆች መማሪያ ብቻ አይደለም። ክትባቱ፣ የቀበሌው ስብሰባ፣ ምርጫ ሲኖር የድምፅ መስጫው፣ ውኃ ቤቱን የወሰደበት ሰው መጠለያው ብዙ ጊዜ እዚያው ግቢ ነው። ተጨማሪ ክፍል ሲሠራ ድንጋይና እንጨት የሚያዋጣው፣ ጉልበቱን የሚሰጠውም ሕዝቡ ነው። ወላጅ መምህር ኅብረቱ (ወመህ) መዋጮ ለማሰባሰብ ይጠራል፤ ትምህርቱ መቼ ይሁን ብሎ የሚጠይቀው ግን የለም።

ጊዜውን ከገጠሩ ኑሮ ጋር ማጣጣም እዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሐሳብ አይደለም። ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መሠረት ከሆኑት ሁለት ተቋማት አንዱ፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ በመንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ስምምነት የተቋቋመው የመምህራን ማሠልጠኛ አካዳሚ፣ ዓላማው የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ከገጠር ሕይወትና ልማት ጋር የሚያዛምዱ ባለሙያዎችን ማፍራት ነበር። በኋላም በአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ጣቢያዎች የመጀመሪያዎቹ አራት ክፍሎች ትምህርት በሦስት ዓመት ይሰጥ፣ ሰዓቱም ከአካባቢው ሕዝብ ጋር በመመካከር ይወሰን ነበር። ጣቢያው ወደ መደበኛ ትምህርት ቤት ሲያድግ ሕንፃው ተሻሽሎ ይሆናል፤ ምክክሩ ግን ቀረ።

በክልሉ ባለፉት ዓመታት በተፈጠረው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል፤ ያንን የትምህርት ካሌንደር ማስተካከል አይፈታውም። ክፍት በሆኑት ግን በአጨዳው ወቅት ለሦስት ሳምንት ያህል ዕረፍት ተሰጥቶ የጎደለው ከጥር ወዲያ ባሉት ቅዳሜዎች ጠዋት ቢካካስ ልጁም ምርቱም አይጎዱም። በሰኔ ይካካስ እንዳይባል ሩዝ የሚዘራው በሰኔ ነው። ትልቁ ተቃውሞ ከመምህራን እንደሚመጣ እገምታለሁ፤ እውነትም አላቸው። ቤተሰቡ ወረታ ወይም ባሕር ዳር ያለ መምህር ዓርብ ማታ መኪና ፍለጋ የሚወጣው ቀበሌው ውስጥ ደህና ማደሪያ ስለሌለው ነው። ቅዳሜ አስተምር ከተባለ በትምህርት ቤቱ ግቢ ቤት ሊሠራለት፣ ለቅዳሜውም ሊከፈለው ይገባል። ያ ካልሆነ ዕቅዱ የይስሙላ ይሆናል። የክልላዊ ፈተና ጊዜ ይዛባል የሚለውን ሥጋት በተመለከተ፣ ለሙከራ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ባሉት ተማሪዎች መጀመር ይቻላል፤ እነሱ ክልላዊ ፈተና አይፈተኑም።