ዳውላውን ተዉት

ወገኖቼ፣ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምትኖሩ የዋሽንግተን ዊዛርድስ፣ የኤንቢኤው ቅርጫት ኳስ ቡድናችን፣ ደጋፊዎች፣ ይህ ለእናንተ ነው። የሌከርስ ደጋፊ ካለ ይለፈው። እሱ ሌላ ዓለም ላይ ነው።

እንቁጣጣሽ አልፏል። በጥቅምት አዲሱ ሲዝን ይጀምራል። ሳይጀምር ልቆጣችሁ እፈልጋለሁ። ስቆጣችሁ ራሴንም ጨምሬ ነው፤ ለምን እንደሆነ ታዩታላችሁ።

ቡድናችን ክፉኛ ተሸንፏል። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ልቁጠር፣ ጨዋታውም የነሱ ነውና። በ2023-24 ሲዝን 15 አሸንፎ 67 ተሸነፈ። በቡድኑ ታሪክ ከዚህ የባሰ ሲዝን የለም። በቀጣዩ ዓመት 18 አሸንፎ 64 ተሸነፈ። በዚያው ሲዝን 16 ጨዋታ በተከታታይ መሸነፍ አንዴ አልበቃ ብሎ ሁለቴ ደረሰበት። በሁለት ዓመት 131 ሽንፈት ማለት ነው። ሥራ ውሎ፣ ራት በልቶ፣ ቴሌቪዥን ከፍቶ ይህን ማየት ያንገበግባል። ተናደዱ። መናደዱን ማንም አይከለክላችሁም።

የምቆጣችሁ ንዴታችሁን የምትደፉበትን ቦታ አይቼ ነው።

ባለፈው የካቲት ልጄን ይዤ የቡድኑ ሜዳ፣ ካፒታል ዋን አሪና ገባሁ። ላይኛው ፎቅ፣ 400 ቁጥሮቹ ጋ ተቀመጥን። ትኬቱ ርካሽ ነበር፤ የተሸናፊ ቡድን በረከቱ ይኼ ነው። ከቡድናችን ልጆች አንዱ ማንም ሳይከላከለው ሦስት ነጥብ ወርውሮ ሳተ። «የማይረባ!» ብዬ ጮህኩ። ማን ይሰማኛል? በአማርኛ ነው። ከኋላዬ አንድ ወገን ነበር ለካ፤ ከእኔ የባሰ፣ እዚህ የማይጻፍ ነገር ጨመረበት። ዞር ብዬ አየሁት፣ ተሳሳቅን።

በሳምንቱ ልጄ ሰፈራችን ባለው ሪክሪዬሽን ሴንተር ሲጫወት ሌይአፕ፣ ከቅርጫቱ ሥር የሚገባውን ቀላሉን ኳስ፣ ሳተ። መሬት መሬት እያየ ለራሱ የሆነ ነገር አጉተመተመ። ጠጋ ስል ሰማሁት። «የማይረባ።» ድምፁ ልክ የእኔ ነው፤ ቃሉን የረገጠበት መንገድ እንኳ አልቀረም። 11 ዓመቱ ነው። አማርኛ እንዲያውቅልኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ወስጄ አስተምረዋለሁ። ያቺን ቃል ግን አስተማሪዋ አላስተማረችውም።

እኔ የሰደብኩት ልጅ ስንት ዓመቱ ነበር? 19።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አሌክስ ሳር በ2024 ድራፍት፣ ቡድኖች አዳዲስ ልጆችን በተራ በሚመርጡበት፣ 2ኛ ሆኖ በእኛ ሲመረጥ 19 ዓመቱ ነበር። አባቱ ሴኔጋላዊ ነው፤ እሱ ፈረንሳይ ተወለደ። ወዲያው በሐምሌ ላስ ቬጋስ በሰመር ሊግ፣ አዳዲሶቹ ልጆች በሚሞከሩበት፣ ሲጫወት በአንድ ጨዋታ 15 ጊዜ ወርውሮ አንዷም አልገባችለትም። ያን ሳምንት ፀጉር ቤት ተቀምጬ የተባለውን ሁሉ ሰምቻለሁ። «ይኼማ ኳሱን አስረክቦ አገሩ ይግባ» ያለ ሰው ነበር። አስቡት እንግዲህ፣ «አገርህ ግባ» የሚለውን ቃል ከእኛ አፍ! ያው ልጅ ሲዝኑን በአማካይ 13 ነጥብ ይዞ ጨረሰ፤ ከሊጉ ምርጥ ጀማሪዎች የመጀመሪያ ቡድን ውስጥም ገባ። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ስለዚህ ትንፍሽ ያለ የለም።

በብ ካሪንግተንን ውሰዱ። የባልቲሞር ልጅ ነው፣ ጎረቤታችን ማለት ነው። በመጀመሪያ ዓመቱ 82ቱንም ጨዋታ ተሰለፈ። ከእኛ መካከል ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን «አሞኛል» ሳይል ሥራ የገባ ካለ እጁን ያውጣ።

ይህች ከተማ ደግሞ በዚህ ነገር ያደረች ዕዳ አለባት። በ2001 ኳሚ ብራውን የሚባል የ19 ዓመት ልጅ ከሃይስኩል በቀጥታ መጥቶ 1ኛ ሆኖ ተመረጠ። በሃይስኩል ተማሪነት 1ኛ የተመረጠ ከሱ በፊት አልነበረም። የመረጠው ማይክል ጆርዳን ነበር፤ ያኔ የቡድኑን የቅርጫት ኳስ ሥራ ይመራል። ልጁ የተጠበቀውን ያህል አልሆነም። የገዛ ሜዳችን ላይ ደጋፊው ጮኸበት፣ አፌዘበት። ከዚያ ወዲያ ሊጉ ውስጥ ብዙ ዓመት ተጫወተ፣ ግን ስሙ እስከ ዛሬ ድረስ መቀለጃ ነው። ያን ምርጫ ያደረጉት ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ስድቡን የጠጣው ልጁ ነው።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላል ያገሬ ሰው። እኛ ይህን ጠባይ ከአገር ቤት ይዘነው መጥተናል፤ እንተማመን። ቢሮ ሄደን ጉዳያችን ሲጓተት ሥራ አስኪያጁን «ክቡርነትዎ» ብለን፣ ወጥተን ዘበኛው ላይ የምንጮህ ሰዎች ነን። ደግሞ እዚህ አገር ገልባጣውን ቀምሰነዋል። ስንቶቻችሁ ዳውንታውን ፓርኪንግ ሠርታችኋል? ዋጋውን የወሰንከው አንተ አይደለህም። ሕንጻው ያንተ አይደለም። ባለ ቮልቮው ሰውዬ ግን መስኮቱን ዝቅ አድርጎ የሚጮኸው አንተ ላይ ነው። ያን ቀን ማታ ቤትህ ገብተህ ምን እንደተሰማህ ታስታውሳለህ? እኔ አስታውሳለሁ። ሁለት ዓመት ሠርቼበታለሁ።

እንግዲህ ወደ አህያው እንምጣ።

ይህ ቡድን የሊጉን ዋንጫ ያነሳው አንድ ጊዜ ነው፣ በ1978፤ ያኔ ስሙ ቡሌትስ ነበር። ከ1979 ወዲህ በአንድ ሲዝን 50 ጨዋታ ማሸነፍ አልቻለም። የሊጉ የምሥራቅ ምድብ ፍጻሜ ላይም አልደረሰም። አሁን ካሉት ተጫዋቾች አንድም ያኔ የተወለደ የለም። የቅርቡን እንይ ካላችሁ፣ በ2021-22 35 አሸንፎ 47 ተሸነፈ። በቀጣዩም ዓመት 35 እና 47። ግልባጭ! ይህ ነው በሊጉ ውስጥ መጥፎው ቦታ። የዋንጫው ማጣሪያ፣ ፕሌይኦፍ አትገባ፣ ብዙ ስላልተሸነፍክ ጥሩ የድራፍት ተራ አታገኝ። በዚያው መሃል በ2022 ለቡድኑ ኮከብ ለብራድሊ ቢል የአምስት ዓመት 251 ሚሊዮን ዶላር ኮንትራት ተሰጠው። እሱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ «ያለ ፈቃዴ አልሸጥም» የሚል አንቀጽም ተጨመረለት። በወቅቱ በሊጉ እንዲህ ያለ መብት የነበረው እሱ ብቻ ነበር። በዓመቱ ሊሸጡት ሲፈልጉ መድረሻውን የሚመርጠው ራሱ ሆነ። ወደ ፊኒክስ ሄደ፣ በምትኩ የመጣልን ከዋጋው ጋር የሚተያይ አልነበረም። ቢል ላይ አልፈርድም፤ ሰጡት፣ ተቀበለ። እናንተም ብትሆኑ ትቀበሉ ነበር።

ከዚያ አዲስ አለቆች መጡ። ማይክል ዊንገርና ዊል ዶውኪንስ በ2023 ገብተው ቤቱን አፍርሰን እንሠራለን አሉ። ሪቢልድ ማለት ይኼ ነው። ከነባሮቹ ተጫዋቾች ፖርዚንጊስ ወደ ቦስተን ሄደ፣ በዓመቱ ዋንጫ በላ። ኩዝማ ወደ ሚልዋኪ፣ ፑል ወደ ኒው ኦርሊንስ ሄዱ። ነባሩ እየተሸጠ፣ የድራፍት ዕድል እየተጠራቀመ፣ ልጆቹ ሜዳ ላይ እየተሳሳቱ እንዲማሩ ተወሰነ። እንግዲህ ልብ በሉ። ልጆቹ እንዲሸነፉ የሚያደርግ ቡድን የሠራው ቢሮው ነው። አስቦበት፣ ቆርጦ፣ በዕቅድ። እኛ የምንሰድበው ዕቅዱን ሜዳ ላይ የሚፈጽመውን ልጅ ነው።

የባሰው ደግሞ ራሳችን ሽንፈቱን እንፈልገዋለን! ቡድኑ ሲሸነፍ «ጥሩ ነው፣ ለሎተሪው ይጠቅመናል» እንላለን፤ ሎተሪው ብዙ ለተሸነፈ ቡድን የተሻለ የድራፍት ዕድል የሚሰጥ ዕጣ ነውና። በማግስቱ «እንዴት በ30 ነጥብ ይሸነፋሉ?» ብለን እንጮሃለን። አንዱን ምረጡ እንጂ።

ሎተሪውም ምን እንዳደረገን አይታችኋል። ከሊጉ መጨረሻ ሁለተኛ ስለነበርን 1ኛ ይመረጣል የተባለውን ልጅ፣ ኩፐር ፍላግን፣ የማግኘት ዕድላችን 14 በመቶ ነበር። በ2025 ሜይ 12 ቀን ማታ ተሰብስበን ጠበቅን። 6ኛ ወጣን። ለእኛ ሊወጣ የሚችለው መጨረሻው ቁጥር ይኸው ነበር፣ ከዚያ በታች ሕጉም አይፈቅድም ነበር። 1ኛውን ዳላስ ወሰደው፣ በ1.8 በመቶ ዕድል። አንድ ወዳጄ ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወረና «ተዘርፈናል!» አለ። ጋሼ፣ አንተ ራስህ በዲቪ አይደል የመጣኸው? ስንት ጎበዝ ተማሪ፣ ስንት ከአንተ የተሻለ እንግሊዝኛ ተናጋሪ አዲስ አበባ ቀርቶ አንተ መጣህ። ያኔ «ፍትሕ የለም» ብለህ ፎርሙን መለስከው?

ከኪሳችን የወጣ ነገር ካለ ደግሞ ልንገራችሁ። በዲሴምበር 2023 የቡድኑ ባለቤት ቴድ ሊዮንሲስ ቡድኑን ወንዝ አሻግሮ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ፣ ፖቶማክ ያርድ ሊወስድ መሆኑን አሳወቀ። በማርች 2024 ዕቅዱ ፈረሰ። ዲሲ ቡድኑን ለማስቀረት ለአሪናው እድሳት 515 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ተስማማች። የከተማው ገንዘብ ነው። የዲሲ ነዋሪ ከሆናችሁ የእናንተም አለበት። ያን ሰሞን ስንቶቻችን ለምክር ቤት አባላችን ደወልን? ስንቶቻችን ስሙን እናውቃለን? ያን ሰሞን ፀጉር ቤቱ ውስጥ ወሬው ሁሉ ስለ ጆርዳን ፑል ነበር።

ቤቲንግ የምትቆርጡትን፣ በጨዋታ የምትወራረዱትን፣ በአጭሩ። «እገሌ ከ12 ነጥብ በላይ ያገባል» ብላችሁ ብር አስይዛችሁ፣ ልጁ 11 ላይ ቀርቶ ተበልታችሁ፣ ከዚያ ገጹ ላይ ገብታችሁ እናቱን የምትሰድቡ አላችሁ። አውቃችኋለሁ። አንዱ የቅርብ ዘመዴ ነው። በ2021 እዚያው አሪና ውስጥ የመቆመሪያ ቤት ሲከፈት፣ በአሜሪካ በፕሮፌሽናል ቡድን ሜዳ ውስጥ የመጀመሪያው ነበር። ገንዘባችሁን የበላው ያ ነው። ልጁ የእናንተን ኩፖን አላየም።

ወደ ከዱት ልሂድ። የኦክላሆማ ሲቲን ቡድን ማልያ ለብሰው በሲልቨር ስፕሪንግ የሚዞሩ አሉ። ኦክላሆማ የት እንደሆነ በካርታ አሳዩኝ ብል የሚያሳይ አይመስለኝም። ይልበሱ። ሲያፌዙብን ግን ይገርመኛል። ያ ቡድን እኮ በ2021-22 24 አሸንፎ 58 የተሸነፈ ነው። ያኔ ማንም አልለበሰውም። በ2025 ዋንጫ አነሳ። የእኛው ዶውኪንስ ራሱ የመጣው ከዚያ ቤት ነው።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ደግሞ የአርሰናል ደጋፊው ነው። እኛ ሰፈር አሥር ዊዛርድስ ደጋፊ ብትሰበስብ ስድስቱ አርሴ ናቸው። ከ2004 በኋላ ዓመታት ሙሉ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ጠብቀዋል። አርቴታ መጥቶ ሁለት ጊዜ 8ኛ ሲወጣ «ታገሡ፣ ልጆች ናቸው፣ ሳካ ገና ነው» ብለው በሌሊት ተነስተው ያዩ ሰዎች ናቸው። ሳካን ታግሠው ሳርን ሁለት ዓመት መታገሥ አቃታቸው። ለንደን ላለው ልጅ ሆድ አላቸው፤ ሜትሮ ተሳፍረው ሄደው ሊያዩት ለሚችሉት ግን የላቸውም።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብዬ ግን አልተርትባችሁም። እንቁላል ሊገማም ይችላል። ዲትሮይት በ2023-24 14 ብቻ አሸንፎ በዓመቱ 44 አሸንፏል፣ እውነት ነው። ሻርለት ደግሞ ከ2016 በኋላ እስከ 2025 ድረስ ፕሌይኦፍ አልገባም፤ ልጅ ቢመርጥ ቢመርጥ አልሆነለትም። እኛ የትኛውን እንደምንሆን ማንም አያውቅም፣ ዊንገርም ቢሆን። ስለዚህ ቢሮውን አትመኑ። ጠይቁ፣ ጻፉ፣ ካስፈለገ ትኬት አትግዙ። ባለቤቱ የሚሰማው ቋንቋ እሱ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላም እዚሁ ከሆንን እኔ ራሴ ከፊት ቆሜ እጮሃለሁ፣ የቢሮውን ሰዎች ስም እየጠራሁ።

በ2025 አንድ ሌላ የ19 ዓመት ልጅ መጣ፣ ትሬ ጆንሰን ይባላል፣ በ6ኛው ቁጥር የተመረጠው። ይወረውራል። ብዙ ይስታል፣ አሁኑኑ ልንገራችሁ። ልጄ ስሙ ያለበትን ማልያ ግዛልኝ ብሎ ይዞኛል።

በመክፈቻው ሰሞን እዚያው ላይኛው ፎቅ ነን። አንተ ከኋላዬ የነበርከው ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ ና፣ አብረን እንቀመጥ። ፋንዲሻውን እኔ እገዛለሁ። ብቻ ልጁ አማርኛ ይሰማል።