ልጅቷ የት ናት?

ወገኖቼ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2006 ዓ.ም. ናይጄሪያ ውስጥ ቺቦክ ከምትባል ከተማ 276 ሴት ተማሪዎች ከትምህርት ቤታቸው ታፍነው ሲወሰዱ አብረን አዝነናል። ያፈናቸው ታጣቂ ቡድን የቦኮ ሃራም መሪ «እሸጣቸዋለሁ» እያለ ሲፎክር፣ ልጃገረዶቹም በግድ ለታጣቂ ሲዳሩ ስንሰማ፣ «ይሄማ ጋብቻ አይደለም» አልን። በ2012 ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ መንገድ ላይ ለታገቱት ተማሪዎችም አደባባይ ወጣን። ደግ አደረግን።

ደብተሯን ይዛ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የጎረቤት ልጅ ከጓደኞቹ ጋር አድብቶ ሚስት ላድርጋት ብሎ የሚጠልፋትስ? ለእርሷ ምን አደረጋችሁ? ሽማግሌ ላካችሁ። ያውም ካህን ወይም ሼህ ከፊት አስቀድማችሁ።

አካሄዱን ታውቁታላችሁ። ገና ጎህ ሲቀድ ከአባቷ ደጅ ይቆማል። «ስለ እግዚአብሔር»፣ «ስለ አላህ» ይባላል። «የሆነው ሆኗል፣ ደም እንዳይፋሰስ» ይባላል። ከዚያ ያቺ መርዝ ቃል ትመጣለች፦ «ከእንግዲህስ ማን ያገባታል?» አባት አንገቱን ይደፋል፣ እናት ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች፣ ጥሎሽ ይቆረጣል፣ ይመረቃል። ልጅቷን የጠየቀ የለም። እኔም አንድ ጊዜ ከእነዚያ ሽማግሌዎች ኋላ ቆሜ «አሜን» ብያለሁ፤ የምገስጸው ራሴንም ጨምሬ ነው።

ሕጉ እንኳ ቀድሞናል። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከክስ ያድነው ነበር። በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ግን ያንን ቀዳዳ ደፈነው። በአንቀጽ 587 መሠረት ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ከጠለፋው በኋላ የሚፈጸም ጋብቻም ከተጠያቂነት አያድንም። መንግሥት የዘጋውን በር በምርቃት የምንከፍተው እኛ ነን።

ክርስቲያኖች ሆይ፣ ዘፍጥረት 34ን ደግማችሁ አንብቡ። ሴኬም የያዕቆብን ልጅ ዲናን ወስዶ አስነወራት፤ ከዚያ አባቱ ኤሞር ሽማግሌ ሆኖ መጣ። ልጁም የፈለጋችሁትን ያህል ማጫ ጠይቁኝ አለ። ያ ሁሉ ድርድር ሲካሄድ ዲና የት ነበረች? እዚያው ሴኬም ቤት። ከምዕራፉ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ቃል አልተናገረችም። (ወንድሞቿ ያደረሱትን እልቂት እያወደስኩ አይደለም፤ ያዕቆብም አልወደደላቸውም።)

ሙስሊሞች ሆይ፣ ሐዲሱን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። አባቷ ያለ ፈቃዷ የዳራት ሴት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አቤት ብትል ጋብቻውን አፈረሱላት። አባት እንኳ ያልተፈቀደለትን ለጠላፊ የምታጸድቁት በየትኛው ኒካህ ነው?

«ደም እንዳይፋሰስ» የሚለውን ፍርሃት አልንቀውም። በጠለፋ የተነሳ ቂም ከወንድም አልፎ ለልጅ ልጅ ሲተርፍ አይተናል። ሽምግልና ይቅርም አላልኩም፤ የተገለበጠው ቅደም ተከተሉ ነው። ልጅቷ በጠላፊው እጅ ሳለች የሚደረግ እርቅ ሁለቱን ቤቶች ያስታርቃል፣ ዋጋውን ግን የምትከፍለው እርሷ ናት። መጀመሪያ ትመለስ። ሐኪም ይያት፣ ፖሊስም ቃሏን ይቀበል። የቤተሰቦቹ ቂም የሚሸመገለው ከዚያ በኋላ ነው፤ የልጁ ወንጀል ግን የፍርድ ቤት ነው።

ስለዚህ የሠፈራችን ካህናት፣ ኢማሞች፣ ፓስተሮች፣ ነገ «ኑ ሽማግሌ ሁኑልን» ብለው ሲጠሯችሁ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ልጅቷ የት ናት? «እሱ ቤት» ካሏችሁ፣ አባቷን ሳይሆን የልጁን ቤተሰብ ተቆጡ፤ ሂዱና አስወጧት። የንስሐ ልጃችሁ ከሆነ ደግሞ ሥልጣናችሁን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። በትንሽ በትልቁ የምታወግዙ ሰዎች እዚህ ላይ ምን አንደበታችሁን ያዘው?

ስትመለስም ሥራው አላለቀም። ጣት የሚቀስርባት ይበዛል፤ እናቷም ከቤት እንዳትወጣ ትፈልግ ይሆናል። ሰኞ ጠዋት መስቀላችሁን የያዛችሁ፣ ጥምጣማችሁን የጠመጠማችሁ፣ ሠፈሩ ሁሉ እያየ እስከ ትምህርት ቤቷ በር ድረስ አብራችኋት ሂዱ።