ይድረስ ለክቡር እዝባር፣ ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

በየኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቱ «ስላሽ» እየተባሉ እንደሚጠሩ ባውቅም፣ ጉዳዬ እስኪያልቅ ድረስ ማንንም ላለማስቀየም ስል በሙሉ ስምዎ መጥራትን መርጫለሁ። ያለ እርስዎ በሀገራችን ት/ቤት አይከፈትም፣ ጽ/ቤት ለምሳ አይዘጋም፣ ወ/ሪትም ወ/ሮ አትሆንም። ይህን የሚያህል ባለሥልጣን ከአንዲት የስም ሳጥን በር ላይ ሲባረር በዓይኔ በማየቴ የተሰማኝን ሐዘን ለመግለጽ ነው የምጽፍልዎ።

ባለፈው ሐሙስ፣ አንድ መሥሪያ ቤት «ከእንግዲህ መመላለስ ቀረ» ብሎ በኢንተርኔት ያወጣውን ቅጽ ልሞላ ተቀመጥሁ። የአያቴ ስም ገብረ ሥላሴ ነው፤ መታወቂያዬን የጻፈው ሠራተኛ ግን ቦታ ለመቆጠብ ይሁን ቀለም፣ «ገ/ሥላሴ» ብሎ አሳጥሮታል። ቅጹ «ስምዎን በመታወቂያዎ ላይ እንደሰፈረው ይሙሉ» ስለሚል እንደሰፈረው ሞላሁ። በቀይ ቀለም «ልዩ ምልክት መጠቀም አይፈቀድም» አለኝ። እርስዎን አስወግጄ «ገሥላሴ» ብለው ሁለት ገጽ ሙሉ ካስኬደኝ በኋላ «ከመታወቂያዎ ጋር አይመሳሰልም» ብሎ መለሰኝ፤ እግረ መንገዱንም የሞላሁትን ሁሉ ደመሰሰው። «ገ ሥላሴ» ብዬ ነጣጥዬ ብሞክር፣ ስም ከአንድ ፊደል በላይ መሆን እንዳለበት አስተማረኝ። ሙሉውን ብጽፈውም አሁንም አልተመሳሰለም።

አርብ በአካል ሄድሁ። በመስኮቱ ያለችው ልጅ መታወቂያዬን ገልበጥ አድርጋ አይታ፣ «ገብረ ሥላሴና ገ/ሥላሴ አንድ ሰው ስለመሆናቸው ከቀበሌ አጽፈው ይምጡ» አለችኝ። ማኅተሙን የያዘው ሰው ስብሰባ ላይ ስለነበር (መቼስ የት ሊሆን ይችላል?) ደብዳቤው ሰኞ ከሰዓት ወጣ። ንጉሡ «ሥ» ተሽሮ በቦታው እሳቱ «ስ» ነግሦበታል፤ እኔ ግን ሌላ «አንድ ሰው ስለመሆኑ» እንዳይታዘዝልኝ ፈርቼ አመስግኜ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ቅጹን ስከፍት፣ ያለ እርሱ ማለፍ የማይቻል አንድ አዲስ ሳጥን ጠበቀኝ፤ «የደብዳቤ ቁጥር» ይላል። ደብዳቤውን አየሁት። ቁጥሩ «ወ5/አስ/312/17» ነው። እንዳለ ጻፍሁት፣ ያው ቀይ መልእክት መጣ። ተስፋ ባለመቁረጥ ስካን ያደረግሁትን ደብዳቤ በዚያው ቁጥር ልሰይመው ብል፣ ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ የማያስገባቸውን 9 ምልክቶች ደርድሮ አሳየኝ፤ እርስዎም ከመካከላቸው ቆመዋል።

እዚህ ላይ ክቡርነትዎን ለጊዜው ልተወውና በግልጽ ልናገር። ገብረ ማለት አገልጋይ ማለት ነው፤ አያቴ ይህን ስም ያገኙት በአርባ ቀናቸው ሲጠመቁ እንጂ ከመዝገብ ቤት አይደለም። ምልክት የሚከለከለው በስም ሳጥን በኩል ክፉ ኮድ እንዳይሾልክ ነው ይሉናል። ጥንቃቄው ይገባኛል፤ ነገር ግን የገባውን ጽሑፍ ጉዳት እንዳያደርስ አድርጎ መያዝ የፕሮግራሙ ሥራ ነው እንጂ የአመልካቹ አይደለም። ገ/ እና ወ/፣ ኃ/ እና ተ/ በሞላበት ሀገር፣ በአማርኛ ተጽፎ ለአማርኛ ስም የማይሆን ቅጽ የሠራው ሰው ከመልቀቁ በፊት የአንድ ጎረቤቱን ስም እንኳ አልሞከረበትም። አንዱ ቢሮ ሳያማክረን የቆረጠውን ስም፣ ሌላው ቢሮ እኛ እንደሰረቅነው ቆጥሮ ማስረጃ አምጡ ይለናል።

ወደ እርስዎ ልመለስ። የቆዩ ቅሬታዎቼን ባጭሩ ላስመዝግብ፦ «ወ/ማርያም» ወልደ ይሁኑ ወለተ እስከ ዛሬ አልነገሩንም፤ ወንድ ልጅ ይሁን ሴት ልጅ ሳናውቅ ስንት የሠርግ ጥሪ ጽፈናል። «5/6/2017» በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ፣ ቀኑ ይቅደም ወሩ፣ እርስዎ መሐል ቆመው ዝም ብለዋል። በስልክ «ወ/ሮ» ለማለት ከፊደሉ ወደ ምልክቱ ገበታ ሄዶ መመለስ ያስፈልጋል፤ ሦስት ወይዘሮዎች ያሉበት የዕድር ማስታወቂያ ደርሶ መልስ ጉዞ ነው። ደግሞ የድር አባት የሚባሉት ቲም በርነርስ ሊ፣ በድረ ገጽ አድራሻ መጀመሪያ ላይ ጥንድ ሆነው የሚቆሙት እዝባሮች የግድ እንዳልነበሩ በ2009 እ.ኤ.አ. ተናግረዋል። እዚያ ያለ ሥራ ሁለት ሆነው ሲቆሙ ማንም አይከለክልዎም፤ ለአያቴ ስም ግን አንድ መሆን አቃተዎት።

ለማክሰኞ ተቀጥሬያለሁ። የደብዳቤው ቁጥር ያለ እዝባር እንዲጻፍልኝ የሚጠይቅ ማመልከቻ ይዤ እሄዳለሁ፤ መዝገብ ቤት ሲደርስ ቁጥር ይሰጡታል።

ከሰላምታ ጋር
አንድ ሰው ስለመሆኑ ማስረጃ በመጠባበቅ ላይ ያለ አመልካች

ግልባጭ፦ ወደ ኋላ ለተጋደመው ወንድምዎ፣ እንዲያውቀው