ይድረስ ለክቡር የመኪና በር

ባሉበት ጥግ

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከቀኝ እጄ በስተቀር ደህና ነኝ። ያስታውሱኝ እንደሆነ እንጃ፤ እርስዎ በቀን ስንቱን ያገኛሉ! እኔ ያ ሳይክል ነጂው ነኝ። ጥጌን ይዤ በሰላም ስሄድ ድንገት ክንፍዎን የዘረጉብኝ።

በቅድሚያ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። መኖሯን እንኳን ከማላውቃት አጥንት ጋር አስተዋውቀውኛል። ከአውራ ጣት ሥር፣ አንጓው ላይ፣ ታንኳ የምትመስል ትንሽ አጥንት አለች። ሰው ሲወድቅ መዳፉን ዘርግቶ መሬቱን ይቀበላል፤ ምቱ ብዙ ጊዜ እሷ ላይ ያርፋል። አመሏ ደግሞ ክፉ ነው። የመጀመሪያው ራጅ ላይ ተደብቃ ቀረች። "ወለምታ ነው" ተብዬ ቤቴ ገባሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ራጁ ሲደገም ስንጥቋ እንደ ፀጉር ቀጥና ታየች። ደም እንደ ልብ ስለማይደርሳት ለመዳንም ትለግማለች። ይኸው ጄሶ ውስጥ ተኝታ ታስቀልበኛለች።

ሄልሜትስ አድርጌ ነበር። ጭንቅላቴን አትርፎልኛል። አንጓ ላይ ግን ሄልሜት አይደረግም።

ሰዎች ስለ እርስዎ ሲያወሩ ሰምተው ያውቃሉ? "በሩ ተከፈተበት" ነው የሚሉት። "በሩን ከፈተበት" የሚል የለም። ተከፈተ! እርስዎ በገዛ ፈቃድዎ ነፋስ ሊቀበሉ ወጣ ያሉ ይመስል። ከውስጥ እጀታውን የያዘው እጅ ከነባለቤቱ ከወሬው ሹልክ ብሎ ይወርዳል። ጥፋቱን ተሸክመው የሚቀሩት እርስዎ ነዎት። በዚህ በዚህስ አዝንልዎታለሁ።

ያን ዕለትም ሹፌሩ ወርዶ መጀመሪያ ያየው እርስዎን ነው። ጎንበስ ብሎ ጠርዝዎን በአውራ ጣቱ ጠረገ፣ የተፋቀ ቦታ ካለ ብሎ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "ከየት መጣህ?" አለኝ። ከኋላ ነዋ! ከሰማይ አልወረድኩ። ስፖኪዮው ላይ ቁልጭ ብዬ እየመጣሁ ነበር፤ የሚያየኝ ነው ያጣሁት።

ሂሳቡን ላስላልዎት። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሳይክል በ1 ሰከንድ 5.5 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ዓይኔ አይቶ ጣቴ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል። እርስዎ ብቅ ያሉት ሦስት ሜትር ሲቀረኝ ነው። እንግዲህ ፍሬኑን የያዝኩት መሬት ላይ ሆኜ ነው።

ለነገሩ እኔ ዕድለኛ ነኝ። አንዳንዱን የመሪውን ጫፍ ብቻ ነካ ያደርጉታል። ጎማው ይጠመዘዝና ሰውየው ወደ አስፋልቱ መሃል ይወረወራል። ከኋላ የሚመጣው መኪና እዚያ ያገኘዋል። ሌላው ደግሞ እርስዎን ሊሸሽ ሲል ነው የሚገጨው። ያኔ እርስዎ አንዲት ጭረት እንኳን አይገኝብዎትም። "ራሱ ገባ" ይባላል።

ምክር አልጎደለብኝም። ከቆሙ መኪኖች ራቅ ብለህ ንዳ ይሉኛል። ራቅ ስል ከኋላዬ ያለው ጥሩምባውን ያንባርቅብኛል፤ "ጥግህን ያዝ!" ጥጌን ስይዝ እርስዎ አሉ። ለሳይክል ተብሎ የተሰመረው መስመር እንኳን አንዳንዴ የሚያልፈው ልክ በክንፍዎ ሥር ነው። ያሰመረው ሰው ሳይክል ነድቶ ባያውቅ ነው እላለሁ፤ ነድቶ ካወቀማ ጉዱ የባሰ ነው።

ሕግማ አለ። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት አንቀጽ 24 ሌላውን መንገደኛ አደጋ ላይ እንደማይጥል ሳያረጋግጡ በር መክፈትን ይከለክላል። ልብ ይበሉ፣ ሕጉ ከፋች መኖሩን ያውቃል።

መላውም ቀላል ነው። ለበሩ የሚቀርበውን እጅ ትቶ በወዲያኛው እጅ መክፈት። ያን ጊዜ ትከሻ ይዞራል፤ አንገት ይከተላል፤ ዓይን ሳይወድ በግዱ ወደ ኋላ ያያል። ከሆላንዶች ጋር አያይዘው "ደች ሪች" ይሉታል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2022 የመንገድ ደንባቸው ውስጥ አስገብተውታል። የኋላ ወንበር ተሳፋሪ ግን ደንብ መቼ አንብቦ! እሱ ስልኩን እያየ በጉልበቱ ገፋ ያደርግዎታል፣ እርስዎም ይታዘዛሉ።

ይህን የጻፍኩት በግራ እጄ ነው። ፊደሉ ቢንጋደድ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ከአክብሮት ጋር
ከየት መጣህ የተባሉት

ግልባጭ፦
ለስፖኪዮ፣ የሚያያቸው ካገኙ
ለወዲያኛው እጅ፣ ስልኩን ካስቀመጡ