"አሞክሳሲሊን ይዘህልኝ ና"

ውጭ አገር ያለን ሰዎች አንድ የጋራ ብሶት አለን። ጉሮሮህን አሞህ፣ አተኩሶህ ሐኪም ጋ ትሄዳለህ፣ ጉሮሮህን በጥጥ ነካ አድርጎ ይመረምርና "ቫይረስ ነው፣ እረፍት አድርግ፣ ፈሳሽ ጠጣ" ብሎ ባዶ እጅህን ይሸኝሃል። ተናደህ ትወጣለህ። አገር ቤት ቢሆን ያለ ማዘዣም ይገኝ ነበር እኮ! ከዛ አገር ቤት ለሚሄድ ሰው "ስትመለስ አሞክሳሲሊን ይዘህልኝ ና" እንላለን፣ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ይመጣል፣ ተርፎ ደሞ ለጓደኛ ይሰጣል። ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል።

ሐኪሙ ጨክኖብን አይደለም። አሞክሳሲሊን አንቲባዮቲክ ነው፣ አንቲባዮቲክ ደሞ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይነካም። ባክቴሪያ ዙሪያውን ግድግዳ አለው፣ የኛ ሴል ግን የለውም። ፔኒሲሊንና አሞክሳሲሊን ያንን ግድግዳ እንዳይሰራ ያግዱታል፣ ባክቴሪያው ሲያድግ ግድግዳው ይሳሳና ይፈነዳል፣ የኛ ሴል ግን አይነካም። አዚትሮማይሲን የሚባለው ሌላ አንቲባዮቲክ ባክቴሪያው ፕሮቲን የሚሰራበትን ራይቦዞም ያስቆምበታል፣ ሲፕሮ (ሲፕሮፍሎክሳሲን) ደሞ ዲኤንኤውን ሲያባዛ የሚጠቀምበትን ኢንዛይም። ቫይረስ ግድግዳም ራይቦዞምም የለውም፣ የሚራባው የኛን ሴል ተጠቅሞ ነው። "ሁለት ፍሬ ውጬ ተሻለኝ" የሚሉም አሉ፣ ጉንፋኑ ግን ባይውጡም በራሱ ይለቃቸው ነበር።

"ሰውነቴ መድኃኒቱን ለምዶታል" ሲባልም እሰማለሁ። የሚለምደው ሰውነታችን ሳይሆን ባክቴሪያው ነው፣ እሱም አስቦበት አይደለም። ኢ ኮላይ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ከተመቸው በ20 ደቂቃ ሁለት ይሆናል፣ ዲኤንኤው ሲገለበጥ ስህተት ይፈጠራል፣ ከስንት ሚሊዮን አንዱ በአጋጣሚ መድኃኒቱን የሚችል ሆኖ ይገኛል፣ መድኃኒቱ ሌሎቹን ሲጨርስለት ቦታውም ምግቡም የሱ ይሆናል። አንዳንዱ ቤታ ላክታሜዝ የሚባል ኢንዛይም አውጥቶ ፔኒሲሊኑን እንደ መቀስ ይቆርጠዋል (ኦግመንቲን በሚባለው መድኃኒት ውስጥ ከአሞክሳሲሊኑ ጋር ክላቩላኒክ አሲድ የተጨመረው ይሄን ኢንዛይም ለማገድ ነው)፣ አንዳንዱ የገባበትን መድኃኒት መልሶ ይተፋዋል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ፕላዝሚድ የምትባለዋ የዲኤንኤ ቀለበት ናት። ባክቴሪያው መድኃኒት የሚቋቋምበትን ጂን በሷ አድርጎ ለሌላ ዝርያ ጭምር ያስተላልፋል። ለጉንፋን የዋጥነው አንቲባዮቲክ አንጀታችን ውስጥ ምንም ሳይጎዱን የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች እየገደለ መድኃኒት የለመዱትን ብቻ ይተዋል፣ እነሱ ደሞ ያንን ጂን አንድ ቀን በእውነት ለሚያሳምመን ባክቴሪያ ያቀብሉታል።

ይሄ አዲስ ወሬ አይደለም (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ፔኒሲሊንን በ1928 ያገኘው ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ንግግሩ ላይ መጠኑን አሳንሶ የሚወስድ ሰው ባክቴሪያውን እንደሚያለማምደው አስጠንቅቆ ነበር። ፔኒሲሊንን የለመደውን ባክቴሪያ እንዲገድል የተሰራው ሜቲሲሊን ስራ ላይ በዋለ በሁለት ዓመት አካባቢ፣ በ1961፣ እሱንም የሚቋቋም ባክቴሪያ እንግሊዝ ውስጥ ተገኘ።

ታዲያ ውጭ ያለው ሁሉ ንጹህ ነው ማለቴ አይደለም። ለሰው በማዘዣ ብቻ እየሰጡ ከብትና ዶሮ ቶሎ እንዲፋፋ ግን ለዓመታት አንቲባዮቲክ በመኖ ሲያበሉ ነበር። የአውሮፓ ህብረት ይሄን ሙሉ በሙሉ ያቆመው በ2006 ነው፣ አሜሪካ ለሰው ህክምና አስፈላጊ የሆኑትን ለማፋፊያ መጠቀም ያስቆመችው ደሞ በ2017። አገር ቤት ያለውን ችግርም "ሰው ስለማያውቅ ነው" ብሎ መደምደም ግፍ ነው። የካልቸር ምርመራ (ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚለየው) ላብራቶሪም ባለሙያም ይፈልጋል፣ ውጤቱ ቀናት ይወስዳል፣ ያ በሌለበት ሐኪሙ በግምት ከማዘዝ ውጪ ምን ያድርግ? መድኃኒቱን በጊዜ ባለማግኘቱ በሳንባ ምች የሚሞት ህጻንም አለ፣ ስለዚህ "ከልክሉ" ብቻ መፍትሄ አይሆንም።

በ2019 በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ሰው መድኃኒት በለመደ ባክቴሪያ ምክንያት በቀጥታ እንደሞተ ተገምቷል፣ ጉዳቱ የከፋው ደሞ ደሃ አገሮች ላይ ነው። እዚህ አንደኛው መድኃኒት እምቢ ሲል ሌላ ይሞከራል፣ እዚያ ያ ሌላው ብዙ ጊዜ የለም።

አገር ቤት ላለ ቤተሰብ የአንቲባዮቲክ መግዣ የምትልኩ ሰዎች፣ እባካችሁ በዛ ገንዘብ የምርመራውን ክፈሉላቸው። የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነና የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ከታወቀ ሐኪሙ ትክክለኛውን ያዛል፣ ለስንት ቀን እንደሚወሰድም እሱ ይንገራቸው፣ ምክንያቱም ለሁሉም በሽታ አንድ አይደለም፣ የተለመደው የቲቢ ህክምና ለምሳሌ 6 ወር ነው፣ ሰው ሲሻለው ካቋረጠው ተመልሶ የሚመጣው ቲቢ መድኃኒቱን የለመደ ሊሆን ይችላል።